የራዲያተር ውሃ ለረዳት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም

ከሸዋ ሮቢት በኩል ጭኖ ወደ መዘዞ የሚወጣ መኪና ከ1 ሺህ 300 ሜትር በታች ካለው ቆላ ተነስቶ ጣርማ በር ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ዳገት ሞተር ሲግል የሚሆነውን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መኪናው ዳር ይይዛል፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል፣ ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ያገኘው ውሃ ደፍርሶም ይሁን ጠርቶ ራዲያተሩ ውስጥ ይገባል፤ ጉዞውም ይቀጥላል። ከውሃው ጋር የገባው ደለልና ማዕድን ግን ከሞተሩ አይወጣም። በቀጭኖቹ የራዲያተር ቱቦዎች ውስጥ እየተጋገረ ቀጣዩን ግለት ያፋጥናል።

ይህ ልማድ ከጭነት መኪናው ወደ ትራክተሩም ተሸጋግሯል። በማህበርም ሆነ በግል ትራክተር ሲገዛ ነዳጁ በሊትር ይቆጠራል፣ የሞተር ዘይቱ በጀት ይያዝለታል። የራዲያተሩ ውሃ ግን “ውሃ ነው” ተብሎ ለሾፌርና ለረዳት ይተዋል። ቴስታታው በግለት የተጣመመ ትራክተር በእርሻ ወቅት ሲቆም የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም፤ ተራ ይዞ የሚጠብቀው አርሶ አደርም ጭምር ነው። ዝናቡ መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ኩላንት እንደ ዘይቱ ሁሉ በዕቅድና በበጀት ሊያዝ ይገባዋል።

ደጋ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በደጋ ባቄላ ለመብሰል የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሞተር ደግሞ በደህና ጊዜውም ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ይሠራል። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ ነው። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት አምቆ የመፍያውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅና በላስቲክ የተወተፈ ራዲያተር ውስጥ ውድ ኩላንት መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ርካሹ ዕቃ፣ ክዳኑ ነው።

ሌላው ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በደብረ ብርሃንና በዙሪያው ባሉ ደጋዎች የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቦታ ካጣ ራዲያተሩን ይቀድዳል፣ አንዳንዴም የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል። ወቅቱ ስንዴ የሚታጨድበት ነው። ከሞቃት አካባቢ ተከራይቶ የመጣ ኮምባይነር ውሃ ብቻ ይዞ ሜዳ ላይ ካደረ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሾፌሩ ውርጩን ላያውቀው ይችላል። የሚያውቀው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በመሆኑ ውል ሲፈረም ራዲያተሩ ምን እንደያዘ መጠየቅ የእሱ ድርሻ ቢሆን ተገቢ ነው።

ታዲያ የትኛው ውሃ ይሻላል? የተጣራ ውሃ ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል። መዘዞን በመሰለ አካባቢ ግን በነጻ የሚገኝ ጥሩ ምትክ አለ፤ የክረምት ዝናብ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ካጠቡ በኋላ በሐምሌና በነሐሴ ከንጹሕ ቆርቆሮ የተጠራቀመ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። በዛገ በርሜል ሳይሆን በታጠበ የፕላስቲክ ጀሪካን ተከድኖ ሊቀመጥ ይገባል። ሳሙና እንደ ልብ አረፋ የማይሰጥበት፣ የተፈላበትን ዕቃ ነጭ ቅርፊት የሚያስይዝ የምንጭም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ግን ለራዲያተር አይሆንም። መንገድ ላይ ግድ ሆኖ ከተጨመረ ቤት ሲገባ መለወጥ አለበት። ሞተሩ በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ይሰነጥቃል፤ ክዳኑን በግለት መክፈት ደግሞ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

የዝናብ ውሃም ቢሆን ብቻውን ብረት ያዝጋል፤ ዝገትን የሚከላከለው ኩላንቱ ነው። 15 ሊትር ለሚይዝ ራዲያተር 5 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንትና 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ቢቀላቀል ለአካባቢው ውርጭ ከበቂ በላይ ነው። የአምራቹ መመሪያ ግማሽ በግማሽ ካለ ግን መመሪያው ይከበር። ተበርዞ የተዘጋጀውን እንደገና ማቅጠን ጥቅሙን ያጠፋዋል። ቀለምም ማስረጃ አይሆንም። አረንጓዴ ወይም ቀይ መሆኑ ዓይነቱን አይናገርም፤ ቀለም የገባበት ውሃም ኩላንት ይመስላል። የተለያየ ዓይነት መቀላቀል አንዳንዴ ዝቃጭ ይፈጥራል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቶችና ዩኒየኖች ግዥ ሲያወጡ “አረንጓዴ ኩላንት” ብሎ መጻፍ አይበቃቸውም። ከትራክተሩ መመሪያ የተወሰደው ዓይነት፣ የተበረዘ መሆን አለመሆኑና የሚለወጥበት ጊዜ በግዥ ሰነዱ ላይ መስፈር አለባቸው።

በበርሜል ውሃ የሚቀዘቅዘው የወፍጮ ሞተር ጉዳይ ቀላል ነው። ውርጭ በሚጠበቅበት ምሽት ሥራ ሲያበቃ ከሞተሩም ከቱቦውም ውሃውን ማፍሰስ ይበቃል።

ከራዲያተር የወጣው አሮጌ ኩላንት ግን እንደዚያ ግቢ ውስጥ አይደፋም። አብዛኛው ኩላንት የሚሠራበት ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻም በግም ቀምሶ ይሞትበታል። የመንዝን በግ በሚያረባ ቤት ጋራዡና ጉረኖው ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ናቸው። አሮጌው ኩላንት በጀሪካን ተከድኖ፣ “መርዝ” ተብሎ ተጽፎበት፣ ሕፃንና ከብት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ወደ ምንጭና ወደ መስኖ ቦይም አይፍሰስ።