ወንበር የሚሸከሙልን ልጆች ወንበር ይኑራቸው



ባለፈው ኅዳር ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጥፈን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ማስታወቂያው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ የመኪና ማቆሚያ እንዲሆንና ገቢው ለማኅበሩ እንዲውል፣ ኮሚቴው ለወረዳው ጥያቄ ለማቅረብ መወሰኑን የሚገልጽ ነበር። ውሳኔው የተላለፈው ረቡዕ ጠዋት በ3 ሰዓት በተደረገ ስብሰባ ሲሆን፣ የተገኘነውም 11 ሰዎች ነበርን። ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረሙትን አንድ በአንድ ብናይ ከ40 ዓመት በታች የሆነ አንድም ሰው የለበትም። ሜዳው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውለው ማን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ወጣቶቹ ነገሩን የሰሙት እንደማንኛውም መንገደኛ ከሰሌዳው አንብበው ነው። በሳምንቱ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የተጻፈ 2 ገጽ ደብዳቤ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አመጡ። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከተትነውና 3 ሳምንት ሙሉ መልስ ሳንሰጥ ቆየን። «የኳስ ነገር ነው» ብለን እኮ ነው። በኋላ አውጥተን ስናነበው ስለ ኳስ የሚያወራው 4 መስመር ብቻ ሆኖ አገኘነው።

ቀሪው ስለ ጎርፍ ነበር። በሜዳው ዳር የሚያልፈው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ክዳኖቹ ስስ ሲሚንቶ እንደሆኑ፣ ሁለቱ አሁንም የተሰነጠቁ መሆናቸውን፣ መኪና ከወጣባቸው እንደሚሰበሩ ጽፈዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ቦዩ በፌስታልና በጭቃ የሚደፈነው የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ በእስክሪፕቶ ስለው አሳይተዋል። ሜዳው በኮብልስቶን ከተሸፈነ፣ አሁን መሬቱ የሚጠጣው ውሃ መግቢያ አጥቶ ወደ ታችኛው መንደር ቤቶች እንደሚወርድም ነግረውናል። ይህን እንዴት አወቁት? ያወቁትማ በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ አካፋ ይዘው ቦዩን የሚጠርጉት እነሱ በመሆናቸው ነው። ጥረጉ ብለን የላክናቸው ደግሞ እኛው ነን።

እኛ 11 ሰዎች በዚያ ረቡዕ ጠዋት ስለ መኪና ማቆሚያው ገቢ 2 ሰዓት ሙሉ ስንነጋገር፣ ስለ ውሃው አንድ ቃል ያነሳ አልነበረም። ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ገና ለወረዳው ስላልተላከ ለማረም ጊዜ አለን።

በየስብሰባው «ወጣቱ አይመጣም፣ ለሰፈሩ ግድ የለውም» ሲባል እንሰማለን፤ እኛም ብለናል። እስቲ ግን ወጣቱን የምንጠራው መቼ መቼ ነው? ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን እንዲተክል፣ ወንበርና አግዳሚ እንዲሸከም ነው። ችግኝ ተከላ ሲመጣ ጉድጓድ እንዲቆፍር፣ የጽዳት ዘመቻ ሲታወጅ መጥረጊያ እንዲይዝ፣ ሌባ በዛ ሲባል ሌሊት በሮንድ እንዲዞር እንጠራዋለን። ተጠርቶም ቀርቶ አያውቅም። ሲወሰን የሚጠራበት ቀን ግን የለም። ጠራን ብንል እንኳ ረቡዕ በ3 ሰዓት ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ፣ ሥራ የሌለውም ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ሰዓቱን የመረጥነው ለእኛ ስለሚመች ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከሰዓቱም የባሰ ነገር አለ። የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ አባል የሚለው የቤቱን አባወራ ወይም እማወራ ነው። ደንቡ ሲጻፍ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ የራሱን ጎጆ ቀልሶ ይወጣል ተብሎ ታስቦ ይሆናል። ዛሬ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ከደሞዝ በላይ ሆኖ፣ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. የተደረገው የኮንዶሚኒየም ምዝገባም ስንቱን ዓመት እንዳስጠበቀ እያወቅን፣ የ30 ዓመት ሰው በእናቱ ቤት ቢኖር ምን ይገርማል? በሰፈራችን ሚስት ያገባና ልጅ የወለደ፣ ግን እናቱ ግቢ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር አለ። በደንባችን መሠረት ይህ ሰው ድምፅ የለውም። መዋጮ ሲሆን ግን ከኪሱ እየከፈለ ነው፤ ደረሰኙ የሚቆረጠው በእናቱ ስም ነው።

ሕጉን ያየን እንደሆነ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ 18 ዓመት ሲሞላው የመምረጥ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ አባወራ ብቻ አይልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሲሆን፣ በሀገሩ ጉዳይ ተሳታፊ እንዲሆን ያዛል። ከ18 በታች ያሉትም ቢሆኑ አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ላይ ልጆች በሚነካቸው ጉዳይ አስተያየታቸው እንዲሰማ ይደነግጋል። እንግዲህ አገሪቱ ለ18 ዓመት ልጅ የፓርላማ አባል የመምረጥ መብት ሰጥታ፣ እኛ የቦይ ክዳን ጉዳይ ከለከልነው ማለት ነው።

ወጣቶቻችን በምርጫ ሌላ ቦታ ድምፅ ይሰጣሉ የሚል ቢኖር፣ የወረዳውን ነገር እናስታውሰው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ በተደረገ ጊዜ የ8 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ 20 ዓመቱን አልፏል። በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለው የአካባቢና የአዲስ አበባ ምርጫ ተላለፈ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ፤ ግን የከተማው ምክር ቤት የእኛን ሜዳ ሊያይ አይመጣም። ለልጁ ቅርብ ሆኖ የሚታየው የመጀመሪያው መንግሥት ይኸው የቆርቆሮ አዳራሻችን ነው። በዚህ በር ላይ ከተመለሰ ወረዳ ሄዶ ማመልከት፣ ክፍለ ከተማ ሄዶ መጠየቅ ከየት ይማረዋል?

የወላጆችን ፍርሃት አናውቅም ማለት አይደለም። ታላላቆቻችን የነገሩን አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ቀበሌም አብሮ መጣ፤ ሕዝቡ የሰፈሩን ጉዳይ ራሱ ይወስናል ተብሎ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን በቀይ ሽብሩ ጊዜ ያው ቀበሌ ወጣት የሚታሰርበትና የሚገረፍበት ቦታ ሆነ። በየቤቱ የሞተ አለ። እኛ ራሳችን በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ ስንቱ ልጅ ከመንገድ ታፍሶ እንደተወሰደ አይተናል። «ልጄ፣ ስብሰባ ከሚባል ነገር ራቅልኝ» የምትል እናት ያለ ምክንያት አትልም። እኛ ግን ልጆቹን የምንጠራቸው ወደ ማንም ፓርቲ አይደለም። የምንጠራቸው ስለ ቦይ፣ ስለ መንገድ መብራት፣ ስለ ሜዳና ስለ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንዲናገሩ ነው። ስማቸው ተመዝግቦ ለሌላ ነገር እንዳይተላለፍ፣ መዝገቡ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዳይወጣ ኮሚቴው ቃል ገብቷል።

ጉዳዩ በኮሚቴው ሲነሳ ሁላችን በአንድ አፍ አልተናገርንም። ከምናከብራቸው አባቶች አንዱ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው ተቃውመዋል። ቁም ነገር አላቸው። የዛሬ 3 ዓመት ለስፖርት ማልያ የተሰጠው ገንዘብ ደረሰኝ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ወጣቶቹ ይህን ሊመልሱልን ይገባል። ነገር ግን የድንኳን ኪራይ ሂሳብ የተምታታው በማን ጊዜ እንደነበር እዚህ አንጽፈውም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያኔ ያቦኩት ልጆች አልነበሩም።

ሌላም ያየነው አለ። በደብዳቤው ላይ 23 ሰዎች የፈረሙ ሲሆን ሴቶቹ 4 ብቻ ናቸው። ሴት ልጆቻችንን ለምን አልፈረማችሁም ብለን ስንጠይቅ «ሜዳው የወንዶቹ ነው፣ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው» አሉን። የሚያሳስባቸው ከታክሲ መውረጃው እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው መንገድ መብራት የሌለው መሆኑ ነው። ከሥራና ከማታ ትምህርት ሲመለሱ ወንድም ወይም አባት እየወጣ ይቀበላቸዋል፤ ወንድም የሌላት በስልኳ መብራት ትሮጣለች። ይህ ነገር በኮሚቴው አጀንዳ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተይዞ አያውቅም። ስለዚህ «ወጣት» ስንል ኳስ ተጫዋቹን ብቻ ከጠራን ግማሹን ረሳን ማለት ነው።

በመሆኑም ኮሚቴው በ4 ድጋፍና በ3 ተቃውሞ የሚከተለውን ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ወስኗል። 7 የሆነው የኮሚቴ አባላት ቁጥር 9 ይሁን፤ የተጨመሩት ሁለቱ ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሆነው አንዷ ሴት ትሁን፤ የሚመርጧቸውም ራሳቸው ወጣቶቹ ይሁኑ እንጂ እኛ ጨዋ ነው ያልነውን አንሹም። እንደ ታዛቢ ሳይሆን ድምፅ ይኑራቸው። በጠቅላላ ጉባኤም ማንኛውም 18 ዓመት የሞላው የሰፈሩ ነዋሪ፣ በማን ቤት ቢኖር፣ ድምፅ ይስጥ። ይህ የመጨረሻው ብዙ የሚያከራክር መሆኑን እናውቃለን፤ 5 ልጅ ያለው ቤት 7 ድምፅ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አንድ ድምፅ ይሆናል ያሉ አሉ። መልስ ያለው በጉባኤው ላይ ይምጣና ይናገር።

የመኪና ማቆሚያው ጥያቄ እስከዚያ ድረስ ለወረዳው አይላክም። ገቢው ለማኅበሩ እንደሚያስፈልግ አንክድም፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ እያፈሰሰ ነው። ወጣቶቹም ሜዳውን መከልከል ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው የሚሉት ካለ ይዘው እንዲመጡ ጠይቀናቸዋል። በላይኛው በር በኩል ያለው ጠጠራማ ቦታ ለ8 መኪና ይበቃል ብለው በሜትር መለካት ጀምረዋል፤ ልክ መሆን አለመሆኑን ከነሱ ጋር የሚያጣራ ከኮሚቴው አንድ ሰው ተመድቧል።

ጠቅላላ ጉባኤው የሚደረገው በሚመጣው ወር በሁለተኛው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ነው። የወጣቶቹ ደብዳቤ ከነሥዕሉ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል፤ እንዳይቀደድ አደራ። ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ፣ ልጆችም ወላጆቻችሁን እንድታመጡ እናሳስባለን። ወንበሩን በዚያን ቀን ኮሚቴው ራሱ ያዘጋጃል።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት