ጭስ ያላየ ጎጆ

በአማርኛ «ጎጆ» የሚለውን ያህል ኑሮ የተሸከሙ ቃላት ጥቂት ናቸው። ሁለት ወጣቶች ሲጋቡ «ጎጆ ወጡ» እንላለን። ትዳር ሲሰምር ጎጆው ሞቀ፣ ሲናጋ ደግሞ ጎጆው ፈረሰ ይባላል። ስለዚህ ይህን ቃል በሰሌዳ ላይ ጽፎ ለአዳር የሚያከራይ ሰው የሚሸጠው አልጋና አንሶላ ብቻ አይደለም። ቃሉንም ጭምር እየሸጠ ነው። ለሸጠው ቃል ደግሞ ተጠያቂ ሊሆን ይገባዋል እላለሁ።

ባለፈው ሐምሌ፣ የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ ሩጫ እንዳበቃ፣ እኔና ባለቤቴ ጎጆ የወጣንበትን ሰባተኛ ዓመት ለማሰብ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ላንጋኖ ሐይቅ ወርደን ነበር። በሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ ጎጆ ተከራይተን ሁለት ሌሊት አደርን። የከፈልነው ገንዘብ ከወር ደመወዜ አንድ አምስተኛውን ወስዷል። የመዝናኛውን ስም አልጠራም። መሰሎቹ ብዙ ስለሆኑ የአንዱን ስም መጥራት ሌሎቹን ነፃ ማውጣት ይሆናል።

ማስታወቂያው የአያቶቻችንን ጎጆ፣ ጸጥታንና ሰማያዊ ውኃን ቃል ይገባል። ላንጋኖ ግን ውኃው በተሸከመው ደቃቅ አፈር የተነሣ ቡናማ ነው። ውበቱም ያው ነው፤ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣበት የመዳብ ትሪ ይመስላል። ይህን የመሰለ ሐይቅ በፎቶግራፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም የቀባው እጅ፣ ጎጆውንም የሠራው እጅ ሳይሆን አይቀርም። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ክብ ነው፤ ሣር ለብሷል፤ ጉልላትም አለው። ሲገቡበት ግን ግድግዳው ጭቃ ለመምሰል የተቀባ ሲሚንቶ ነው። ከመሐል የቆመው ምሰሶም የእንጨት መልክ የተሰጠው ሲሚንቶ ነው። ጸጥታውን እስከ እኩለ ሌሊት የድምፅ ማጉያ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጄኔሬተር ወሰደው።

በሁለተኛው ሌሊት ዝናብ ጣለ፤ ክዳኑም በአልጋችን ላይ ያፈስ ጀመር። የተጠራው አስተናጋጅ ትሑት ልጅ ነበር። ሳፋ ይዞ መጣና «ይቅርታ ጋሼ፣ ክረምት ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው» አለኝ። ከዝናቡ ይልቅ ያዘንኩት «ሁሌም» በሚለው ቃል ነው።

በማግስቱ የግቢውን ጥበቃ፣ አንድ አዛውንት፣ «አባባ፣ ይህ ክዳን አዲስ አይደለም እንዴ? ስለ ምን ያፈስሳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ ሣርን የሚያኖረው ጭስ ነው። እዚህ ማን እሳት ያነድዳል?» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። በገጠር ቤት ከምድጃው የሚነሣው ጭስ ክዳኑን ያደርቀዋል፤ ነቀዙንና ሻጋታውን ያርቃል። በጊዜ ብዛት ሣሩና ማገሩ ጥቀርሻ ይለብሳሉ። እኛ ከተሜዎች እንደ እድፍ የምናየው ጥቀርሻ የቤቱ ጤና ነው። እሳት የማይነድበት የሣር ክዳን እርጥበቱን ይዞ ይበሰብሳል። ከመዝናኛው አጥር ማዶ የአንድ ገበሬ ቤት ነበር። በዚያ ዝናብ ውስጥ በሣሩ መሐል ጭሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ሁለቱን ቤቶች እያየሁ በማስታወሻዬ ላይ ይህችን ጻፍኩ፦

ሣር ለብሶ ቢቆምም፣ ጎጆ ነኝ ቢልም፣
ጭስ ያላየ ክዳን ዝናብ አይችልም።

«ስንቱ ወገን ክረምቱን በሚያፈስ ቤት እያሳለፈ፣ አንተ በመዝናኛ አልጋ ላይ ስለወረደ ጠብታ ታማርራለህን?» የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቸግሮት የሚያፈስ ቤት ያለው ሰው ማንንም አላታለለም። እንግዳ ቢመሽበት እንኳ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ ጠብታ የማይደርስበትን መደብ ለእንግዳው ለቆ እርሱ ወደ ጥጉ ይጠጋል። እኔን ያስከፋኝ ይህን የድሃ ልግስና መልኩን ብቻ ወስዶ፣ ምግባሩን ትቶ፣ በውድ ዋጋ መቸርቸር ነው።

ኑሮዬ በባንክ መስኮት ጀርባ ነው። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ገበያው አዲሶቹን ገና አልለመዳቸውም ነበርና፣ ብዙዎቹን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን እየመረመርን እንቀበል ነበር። ሐሰተኛ ብር ፊቱ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎድለው ውስጡ ነው። ደግሞም ሐሰተኛ ብር ተቀባዩን ብቻ ጎድቶ አያበቃም። ሲበዛ እውነተኛውንም ያስጠረጥራል። በቃላትም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ጎጆን በሲሚንቶ ምሰሶና በሚበሰብስ ሣር ብቻ ያወቀ ልጅ፣ ነገ «ጎጆ ወጣሁ» ሲል ምን ማለቱ ይሆን?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመዝናኛ ጎጆዎችን ስም የሚያወጣው ግን ማስታወቂያ ሠሪ ነው። ለባለቤቶቹ የምለው አጭር ነው። ክዳናችሁን ክረምት ሳይገባ አድሱ። እንግዳ በሌለበት ቀን ጥቂት እሳት አንድዱበት። ይህ የማይመቻችሁ ከሆነ ቆርቆሮ ምቱና «ክፍል» ብላችሁ አከራዩት። እኛም ክፍል መሆኑን አውቀን የክፍል ዋጋ እንከፍላለን፤ ደረቅ አልጋ ላይም እናድራለን። ጎጆ የሚለው ስም ግን በውስጡ እሳት ለሚነድበት ቤት ይቆይልን።