ማውሱን ንቀሉትና ቻርቱን አንብቡ

ይህን ላፕቶፕ ላይ የምታነቡ ካላችሁ እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ማውሱን ንቀሉት፣ ታችፓዱንም አትንኩት። ከዚያ የፈለጋችሁትን መሥሪያ ቤት ዳሽቦርድ ክፈቱና ታብ የምትባለዋን ቁልፍ ብቻ እየተጫናችሁ አንድ ቁጥር ፈልጉ፤ ለምሳሌ ያለፈውን ወር የዋጋ ንረት። ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ እንዲህ ነው፦ ታብ ላይኛውን ሜኑ አንድ በአንድ ይዞራል፣ የመፈለጊያ ሳጥኑን ይነካል፣ ከዚያ ቻርቱን ዘሎ ገጹ ግርጌ ያለው የፌስቡክ ምልክት ላይ ያርፋል። ቻርቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ በጣታችሁ ግን አትደርሱበትም። ቁጥሩ ብቅ የሚለው ማውስ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነዋ!

ለእኛ ይሄ የአምስት ደቂቃ ብስጭት ነው። ለዓይነ ስውር ሰው ግን የዘወትር ኑሮው ነው። ማውስ አይጠቀምም፤ ቀስቷ የት እንዳለች በምን ያያል? የሚሠራው በኪቦርድና በስክሪን ሪደር ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምረውት ዛሬ ማንም በነጻ ይጭነዋል። ጽሑፉን ሁሉ ያነብለታል፣ ቻርቱ ጋ ሲደርስ ወይ "ግራፊክ" ብሎ ያልፈዋል ወይ ጭራሽ ዝም ይላል።

አንድ ወዳጄ የሕግ ምሩቅ ነው፣ ዓይነ ስውር ነው። በሥራው አስተያየት እንዲጽፍባቸው ሪፖርቶች ይላኩለታል። ጽሑፉን ራሱ ይጨርሰዋል፤ ቻርቱን ግን የጎረቤት ጠረጴዛ ባልደረባው ያነብለታል፣ ያውም ጊዜ ሲኖረው። ከዚያ እሱ በስሙ ይፈርማል። የሚያሳስበው ልመናው ብቻ አይደለም፤ ባልደረባው 12ን 21 ብሎ ቢያነብለት ተጠያቂው ማን ነው?

"ቻርት እኮ የዓይን ነገር ነው፣ ምን ይደረግ?" የሚል አይጠፋም። ይደረጋል፣ ድሮም ተደርጓል። በደንብ የተሠራ ቻርት ላይ ታብ አንዴ ሲጫኑ ቻርቱ ይያዛል፣ ርዕሱም ይነበባል። ቀኝና ግራ ቀስቶቹ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይወስዳሉ፤ መስከረም ይህን ያህል፣ ጥቅምት ይህን ያህል እያለ። ታብ ሲደገም ከቻርቱ ይወጣል። ይቺ መውጫ ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። አንዳንዱ ፕሮግራመር ኪቦርድ ፈቀድኩ ብሎ 200 ነጥብ ያለውን ቻርት በ200 ታብ ያስኬዳችኋል፤ ሌላው ያስገባችሁና በሩን ይቆልፍባችኋል። ደብልዩ ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የድረ ገጽ መመሪያ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ሁሉም ነገር በኪቦርድ መሠራት አለበት፣ ኪቦርድ የገባበትም ቦታ ማስወጣት አለበት። ሁለቱም የተቀመጡት በዝቅተኛው እርከን ነው። ቅንጦት አይደለም፣ ወለሉ ነው።

ፓወር ቢአይን እንኳ ውሰዱ። ኮንትሮልና የቀኝ ቀስት ቻርቱ ውስጥ ያስገባሉ፤ አልት፣ ሺፍትና ኤፍ11 አብረው ሲጫኑ ቻርቱ ሠንጠረዥ ሆኖ ይከፈታል። መሣሪያው አለ። የጎደለው ሪፖርቱን የሚሠራው ሰው የታቡን ቅደም ተከተል ለማስተካከልና ለቻርቱ አንድ መስመር ማብራሪያ ለመጻፍ የሚያጠፋው ሩብ ሰዓት ነው።

"ለስንት ሰው ብለን?" የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሁሌ ያስገርመኛል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ማውስ አይታዘዘውም። ታችፓዱ የሞተበት ላፕቶፕ በየቤቱ አለ። ፒችትሪ ላይ ያረጀ አካውንታንት አይታችሁ ከሆነ ደግሞ ማውስ መንካት ጊዜ ማባከን ይመስለዋል።

ሕጉም ቢሆን አለን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ሕንፃና መንገድ ብቻ አይናገርም፤ ኢንተርኔትን ስሙን ጠርቶ አካቶታል። ስለ ዊልቸር መወጣጫ ቢያንስ እንነጋገራለን፣ ባይሠራም እንኳ ያልሠራው ሰው ያፍራል። አገልግሎቱ ሁሉ ወደ ስክሪን እየገባ ባለበት ዘመን ግን ዳሽቦርድ ሲመረቅ ኪብሩ ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በኪቦርድ ይከፈት እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ጋዜጠኛ የለም።

ቻርቱን ዛሬውኑ ማስተካከል ያልቻለ ተቋም ቢያንስ ከሥሩ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ያስቀምጥ፣ ወይም የኤክሴል ፋይሉን አብሮ ይልቀቅ። ኤክሴል ፋይሉ እኮ አለ፤ ቻርቱ የተሠራው ከእሱ ነው። የቴሌግራም ቻናል ያላችሁም፣ የቻርት ስክሪንሾት ስትለጥፉ ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች ከሥሩ በጽሑፍ ጻፉልን። ስክሪን ሪደር ጽሑፉን ያነባል፣ ስክሪንሾቱን አያነብም።