ሠራተኛዋ ስትደናቀፍ ለምን እንስቃለን?

ቻድዊክ ቦዝማንን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት «ብላክ ፓንተር» በተሰኘው ፊልም የአፍሪካ ንጉሥ ሆኖ ሲተውን ነው። ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ ግንቦት 2010 ዓ.ም.፣ በተማረበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ያደረገውን ንግግር የሰማችሁ ግን ጥቂቶች ሳትሆኑ አትቀሩም። በዚያ ቀን በካንሰር ታሞ እንደነበር ሕዝቡ አያውቅም ነበር። ለእነዚያ ወጣቶች ከነገራቸው አንዱ ስለተባረረበት ሥራ ነው።

ገና ጀማሪ ሳለ በአንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከታታይ ድራማ ላይ ሚና አገኘ። ክፍያው በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ገንዘብ ነበር። ሚናው ግን ጠበኛ የሆነና ወደ ወሮበሎች የሚሳብ ጥቁር ወጣት ነው። ቦዝማን ኃላፊዎቹን ጠየቀ፦ የልጁ አባት የት ነው? ጥሎት ሄዷል። እናቱስ? ምን ጥያቄ አለው፣ የሄሮይን ሱሰኛ ናት። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም አላለም። የከነከነው መልሱ ሳይታሰብበት ከአፋቸው መውጣቱ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ አንድ ደግ ነገር የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ ተሰናበተ።

አሁን ወደ እኛ መድረክ ልምጣ። በገና፣ በትንሣኤ፣ በወጣቶች ኮንፈረንስ የምናቀርባቸውን ድራማዎች አስቡ። የቤት ሠራተኛ ካለች ትደናቀፋለች፣ ቃል ታጣምማለች፣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ከገጠር የመጣ ሰው ካለ በመኪና ጡሩምባ ይደነብራል። ዐይነ ስውሩ የሚገባው ሊፈወስ ብቻ ነው፤ ስም እንኳ የለውም። በመጨረሻ ይጸለያል፣ «መልእክቱ ግሩም ነበር» ተባብለን እንለያያለን።

ግሩም አልነበረም። በሐሰት አለመመስከር ለፍርድ ቤት ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም። ስለ አንዲት ሴት በየዓመቱ ያንኑ ውሸት በመድረክ መድገምም ምስክርነት ነው። ደግሞ እኮ እሷ ራሷ አዳራሹ ውስጥ አለች! የአሠሪዋን ልጅ አቅፋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ሲስቅ አብራ ትስቃለች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

«ድራማ እኮ ነው፣ ሰው ካልሳቀ አይሰማም» የምትሉኝ አላችሁ። ሳቅን ማን ጠላ? እመቤቲቱ እንግዶች ፊት ቡናውን አሳርራ ሠራተኛዋ ስታድናት ጻፉልን፤ እኔ ራሴ ከፊት ወንበር ሆኜ እስቃለሁ። «ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጠን» ለሚለው ደግሞ ሉቃስ 10ን ክፈቱ። ጌታችን ያንን ታሪክ የተናገረው በጥቂት ዐረፍተ ነገር ነው። ሰሚዎቹ የሚንቁትን ሳምራዊ አስገባ፤ ዘይት ሰጠው፣ ወይን ሰጠው፣ የሚጋልበው እንስሳ ሰጠው፣ ሁለት ዲናር ሰጠው፣ ተመልሶ ሊመጣ እንዳሰበ እንኳ አልተወም። የኛ ሠራተኛ በእጇ ያለው መጥረጊያ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ድርሰቱ በጸሎት የመጣ ስለሆነ አይነካም» የሚለው ነው። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ እንደዚያ ይሆንን ብለው መርምረዋል፤ የኛ ስክሪፕት ከጳውሎስ በለጠ?

ቦዝማንን ጥያቄው እንጀራውን አሳጥቶታል። ያንን ሚና የተረከበው ማይክል ቢ. ጆርዳን ነው፤ በኋላ «ብላክ ፓንተር» ላይ ከእርሱ ጋር የተወነው። ቦዝማን በንግግሩ እንዳለው፣ የጠየቀው ጥያቄ ከእርሱ በኋላ ለመጣው ተዋናይ መንገዱን ሳያቀና አልቀረም። እናንተ ብትጠይቁ የምታጡት ቢበዛ የደራሲውን ፈገግታ ነው።

የገና ድራማ ልምምድ ሊጀመር ነው። ወረቀቱ ሲታደላችሁ ሠራተኛዋ ስም እንዳላት እዩ። «ሠራተኛ» ተብላ ብቻ ከተጻፈች እጃችሁን አውጡና ስሟ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደምትችል ጠይቁ።