ሕመምተኛም ምስክር ያስፈልገዋል

በሽታ ሰውነትን ይጎዳል፤ ብቸኝነት ግን ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል። ይህም በተለይ የሚታየው ሐኪም አንጀታቸውን በሆዳቸው ላይ አውጥቶላቸው ዓይነ ምድራቸውን በከረጢት በሚቀበሉ ሰዎች ዘንድ ነው።

በሰሜኑ ደጋ አገር የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ የታወቀ ሕመም ነው። የተጠመዘዘው አንጀት የሞተ እንደ ሆነ ሐኪሙ የሞተውን ቆርጦ ደኅናውን አንዳንድ ጊዜ በሆድ ላይ ያወጣዋል። ይህም ቀዳዳ ቢጠብ፣ ወደ ውስጥ ቢሰምጥ ወይም አንጀቱ ከልክ በላይ ቢወጣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት የሚሄድ ገበሬ የመጀመሪያውን ምላጭ በጭንቅ ላይ ሳለ ሳያውቅ ይቀበለዋል፤ ሁለተኛውን ግን እያወቀ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ፍርሃቱ ይበረታል።

ሐኪሙ የሚቆርጠውንና የሚሰፋውን ያስረዳዋል። ከረጢቱ በሰው መካከል ቢፈስ ምን እንደሚደረግ፣ ከቤተ ሰብ ጋር እንዴት በአንድ ማዕድ እንደሚቀመጡ ግን አጥብቆ የሚያውቀው ያው ነገር የደረሰበት ሰው ነው። በዚያው በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ስመ ጥር የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ደቀ መዝሙሩም ዜማውን ከብራና ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ካወቀው ሰው አፍ ይቀበለዋል። ይህም ሕመም እንደዚሁ ምስክር ይሻል።

ለዚህ ነገር ማስረጃ አለ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፌስቱላ ሆስፒታል፣ ፊኛቸው ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች ሽንታቸው በሆዳቸው በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ አድርጓል። ኋላም በከተማው አጠገብ ደስታ መንደር ተሠርቶ፣ እንዲህ ያሉት ሴቶች እርስ በርሳቸው እየተጽናኑ ኖረውበታል። በእንግሊዝ አገርም በ1956 እ.ኤ.አ. አንጀታቸው በሆዳቸው የወጣ ሰዎች ራሳቸው ማኅበር አቁመዋል። በጽዋና በዕድር ለሚረዳዳ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ የሐኪም ቤት ሹማምንት፣ ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ፣ አዲሱን ሕመምተኛ ከቀደመው ጋር ሊያገናኙት፣ ከረጢቱም እስከ ወረዳው ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ሊተጉ ይገባል። ካህናትም ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ጌታ ከ12 ዓመት ሕመሟ እንደ ፈወሳትና እንዳልተጸየፋት ለሕዝቡ ሊያስታውሱ ይገባል። ቁስሉን ደብቆ ከሰው የራቀ ሰው፣ የንስሓ አባቱ ቀርቦ ካላነጋገረው ሐኪም ዘንድ የሚመለሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነውና።