በአልጋ ሥር ያለው በሶ

55ቱ የጾም ቀኖች አልቀው ፋሲካ ሲደርስ፥ ወደ አገራችን መሄድ ያልቻልን ተማሪዎች በጉርድ ሾላ ኬክ ቤቶች መስኮት ላይ ዓይናችንን እንተክላለን። «ገንዘብ የለን፤ መጋገሪያ የለን» እያልን እናማርራለን። እናቶቻችን የላኩልን በሶ ግን ከአልጋችን ሥር ተደብቋል፤ ለእንግዳ ማቅረቡን እናፍርበታለን።

ምን ያሳፍራል? ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ እሳት አያሻውም። በቀለጠ ንጥር ቅቤ፥ በጥቂት ጨውና ስኳር አሽተን ጭኮ እናድርገው፤ በቴምር ልክ እናድበልብለው። ቸኮሌቱን ውሃ ሳይነካው በፈላ ውሃ እንፋሎት አቅልጠን፥ የጭኮውን ጫፍ ነክረን እናቀዝቅዝ። ጫፍ ብቻ ስለሚነከር አንዱ ቸኮሌት ለብዙ ሰው ይዳረሳል።

ቸኮሌቱ ቢታጣም ጭኮው ብቻውን ይበቃል። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ስንቃችንን እናውጣ፤ ቤቱ የራቀበትን ጓደኛ ጠርተን አብረን እንፈስክ።