የልጁ ሥራ ምንድር ነው?

ባለፈው ወር ለአንድ ወዳጃችን ልጅ ሚስት ለመጠየቅ ከሁለት ሽማግሎች ጋራ ሆነን ወደ አንድ የተከበረ ቤት ሄደን ነበር። የልጁን ትውልድ ተናገርን፤ ጠባዩንም መሰከርን፤ ይህም ሁሉ በመልካም ተሰማ። ነገር ግን የልጅቱ አባት «ሥራውስ ምንድር ነው?» ብለው በጠየቁን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ልጁ ተቀጥሮበት የነበረው ኩባንያ ሠራተኛ በቀነሰ ጊዜ ከወጣ ወዲህ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በአባቱ ቤት በአንዲት ክፍል ተቀምጦ በኢንተርኔት የማስታወቂያ ሥራ የሚሠራ ነው። አለቃም የወር ደመወዝም የለውም። ከሽማግሎቹ አንዱ «ነጋዴ ነው» አሉ፤ ሁለተኛው «የጽሕፈት ሥራ ነው» አሉ። በሁለት አፍ በመናገራችን አፍረን ቀጠሮ ተቀብለን ወጣን። ይልቁንም ያሳዘነን፤ አባቱ ወዳጃችን ለሰው ሁሉ «ልጄ አሁንም በኩባንያው ነው» እያሉ ሲናገሩ መኖራቸውን መስማታችን ነው።

ነገሩን ሳናውቅ ሁለተኛ በዚያ ቤት መቆም አይገባንም ብለን ልጁን አስጠርተን ጠየቅነው። እርሱም ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት ማርኩስ ፍሪንድ ስለሚባል የካናዳ ሰው ነገረን፤ እኛም መርምረን እውነት ሆኖ ስላገኘነው እንጽፈዋለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ፍሪንድ በቫንኩቨር ከተማ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪ ነበረ። በዚያ ጊዜ የኢንተርኔት ኩባንያዎች በብዛት ወድቀው ስለ ነበር፤ ነገ ሥራ ቢያጣ የሚያሳየው ዕውቀት እንዲኖረው ብሎ፤ በ2003 ዓ.ም. አንድ አዲስ የፕሮግራም አሠራር ሲማር ለመልመጃ ያህል ወንድና ሴት የሚተዋወቁበትን ፕሌንቲ ኦፍ ፊሽ የተባለውን ገጽ ሠራ። ሌሎቹ የመተዋወቂያ ገጾች ሲያስከፍሉ የእርሱ ነፃ ስለ ነበር ሰው ጎረፈበት። ጉግል የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት አድሴንስ የሚባለውን ሥርዓት አቆመ። ይኸውም፤ ነጋዴው ለጉግል ይከፍላል፤ ጉግልም ማስታወቂያውን በሌላ ሰው ገጽ ላይ ያኖራል፤ በዚያን ዘመን አንባቢው ማስታወቂያውን ሲጫን ከሚከፈለው ገንዘብ ባለ ገጹ ድርሻውን ይቀበል ነበር። ባለ ገጹ ከነጋዴው ጋራ መገናኘትም ሆነ በዋጋ መከራከር አያስፈልገውም። ስለዚህ ፍሪንድ ደጅ ሳይጠና ከመኖሪያ ቤቱ ብቻውን ይሠራ ጀመር። የሚያስቀው ነገር፤ በገጹ ላይ ከሚወጡት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የተወዳዳሪዎቹ ነበሩ፤ በነፃው ገጽ የፈለገውን ያላገኘ ሰው ወደ እነርሱ ሲሄድ፤ ስለ መሄዱ ለፍሪንድ ይከፈለው ነበር። በ2006 ዓ.ም. የሁለት ወር ድርሻው ወደ 900,000 የካናዳ ዶላር ደረሰ። ሠራተኛ መቅጠር የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ገጹን በ575 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሸጠው።

እኛ ግን «የአንድ ሰው ዕድል የአንተ ምስክር አይሆንም፤ ጉግል ሕጉን በለወጠ ቀን ገቢህ ሊጎድል፤ ሒሳብህም ሊዘጋ ይችላል፤ ጡረታም የለህም» አልነው። እርሱም አልተከራከረንም፤ ደብተሩን አመጣ። መዝገብ ማገላበጥ የለመድን ስለ ሆነ ገጽ በገጽ አየነው። ከሃያ አራቱ ወር በሰባቱ ያገኘው ከቀድሞ ደመወዙ ያነሰ ነው፤ በአሥራ ስድስቱ ይበልጣል፤ በአንደኛው ወር «ምንም» ተብሎ ተጽፎአል። ይህችን ቃል ባይጽፋት ኖሮ የቀረውን ባላመንነው ነበር። ግብሩንም የከፈለበትን ደረሰኝ አሳየን።

በቀጠሮው ቀን፤ አባቱ እያመነቱም ቢሆን ፈቅደውልን፤ ደብተሩን ይዘን ሄድንና እውነቱን ሁሉ ተናገርን። የልጅቱ አባት መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አነበቡ፤ «ምንም» ከምትለው ዘንድ ሲደርሱ ጣታቸውን አኖሩባትና «በዚህ ወር ምን በላ?» አሉ። «ከአባቱ ማዕድ» አልን። «እንግዲያውስ የአባቱ ምሳና ራት በመዝገቡ የለማ!» ብለው ሳቁ፤ ነገር ግን ጥያቄውን አልተዉትም፤ ሁለቱ ጐጆ ከወጡ በኋላ እንዲህ ያለ ወር ሲመጣ የሚጠጉበት ምን ያህል ገንዘብ እንዳስቀመጠ ጠየቁን። ይህን እኛም አልጠየቅነውም ነበር።

እናቲቱም እስከዚያ ዝም ብለው ሲሰሙ ቈይተው «ከተጋቡ በኋላስ ቀኑን ሁሉ ቤት ሊውል ነው?» አሉ። ከሽማግሎቹ ማንም መልስ አላገኘም። ለሁለቱም ጥያቄ ልጁ ራሱ መጥቶ ይመልስ ተብሎ ለሚመጣው ቅዳሜ ተቀጠርን።